ስለ መንገደኛ ስንቅ፤ ከሸዋ ደጋ እስከ አዋሽ ሸለቆ

ስለ ኢትዮጵያ ዘመቻና ንግድ በተጻፉት መጻሕፍት ውስጥ የነገሥታቱ ትእዛዝ፥ የመሣሪያው ብዛትና የጦር ሜዳው አሰላለፍ በሰፊው ይገኛል። ወታደሩም ሆነ ነጋዴው ከቤቱ ሲነሣ በስልቻው የቋጠረው ምግብ ግን ከጥቂት መስመር በላይ አልተጻፈለትም። ይሁን እንጂ መንገደኛ ሁሉ የሚሄደው ስንቁ እስከሚያደርሰው ድረስ ነው፤ ስንቁ ያለቀበት ሰው ወይ ይመለሳል፥ ወይ ይለምናል፥ ወይ ይቀማል። ከሦስቱ የትኛው እንደሚሆን በብዙ ወገን የሚወስነው ጉዞው ሳይጀመር በጓዳ ውስጥ የተደረገው ምርጫ ነው። ስለዚህ የስንቅ ነገር የወጥ ቤት ወሬ ብቻ ሳይሆን፥ በመንገደኛውና በባላገሩ መካከል የነበረውን ግንኙነት የሚያስረዳ የታሪክ ማስረጃ ነው።

የዚህ ሐተታ ዋና ስፍራ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ በሞጆ፥ በአዳማ፥ በወለንጪቲና በመተሐራ በኩል ወደ አዋሽ ቈላ የሚወርደው መንገድ፥ ከዚያም ጋር ከሞጆ በመቂና በዝዋይ፥ ማለት በዛሬዋ ባቱ፥ አልፎ ወደ ሻሸመኔ የሚዘልቀው የስምጥ ሸለቆ አገር ነው። ይህ አገር የደጋ ገበሬ፥ የቈላ ከብት አርቢና ሩቅ ሄዳጅ ነጋዴ የሚገናኙበት ስለሆነ፥ የስንቅ ምርጫ በምን ሕግ እንደሚመራ ለመመርመር የተመቸ ነው።

1. ስለ ቃሉ

«ስንቅ» የሚለው ቃል «ሰነቀ» ከሚለው ግሥ ጋር አንድ ሲሆን፥ ለመንገድ የሚያዝ ምግብ ማለት ነው። በኦሮምኛ ለዚሁ ነገር «ገላ» የሚባል ቃል አለ። በአማርኛ ከስንቅ ጋር የሚቀራረቡ ሌሎች ሁለት ቃላት ይገኛሉ፤ እነርሱም «ቀለብ» እና «ድርጎ» ናቸው። ቀለብ ጌታው ለአገልጋዩ ወይም መንግሥት ለወታደሩ በየጊዜው የሚሰፍረው እህል ነው። ድርጎ በንጉሥ ወይም በሹም ትእዛዝ ለእንግዳና ለመልእክተኛ በየሰፈሩ የሚቀርብ ምግብ ሲሆን፥ ወጪው የሚወድቀው በዚያው ስፍራ በሚኖረው ባላገር ላይ ነበር። ስንቅ ግን መንገደኛው ከገዛ ቤቱ አዘጋጅቶ በራሱ ወይም በአጋሰሱ ጀርባ የሚሸከመው ነው። እንግዲህ ሦስቱ ቃላት የሚለያዩት በምግቡ ዐይነት ሳይሆን፥ ምግቡ ከማን ጎተራ እንደ ወጣ በማመልከት ነው። ይህ ልዩነት ወደ ፊት ስለ ዘመቻ በሚነገርበት ጊዜ ጥቅሙ ይታያል።

2. የስንቅ ዐይነቶች

ከስንቅ ሁሉ የበለጠ የተለመደው በሶ ነው። ገብሱ ጥቂት ውሃ ነክቶት በሙቀጫ ይሸከሸካል፤ ገለባው ከተለየ በኋላ በብረት ምጣድ ይቈላል፤ ከዚያም ተፈጭቶ ይነፋል። በቅልጥ ውሃና ጨው ከተበጠበጠ መጠጥ ይሆናል፤ በጥቂት ውሃ ከታሸ ደግሞ በእጅ ተጨብጦ የሚበላ ጭብጦ ይሆናል። ማር ያለው ሰው በማር ያሸዋል።

በሶው በውሃ ፋንታ በንጥር ቅቤ ሲታሽ ጭኮ ይባላል። ይህ ምግብ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ነው፤ እነርሱ «ጩኮ» ይሉታል። የአርሲ ደጋ የገብስና የከብት አገር በመሆኑ ሁለቱም የጭኮ ክፍሎች ከአንድ ቤት ይገኛሉ። ጩኮ ለክቡር እንግዳ የሚቀርብ የክብር ምግብ ሲሆን፥ በዚያው መጠን ሩቅ ሄዳጅ የሚሰንቀው ምግብ ነው።

ከእነዚህ ቀጥሎ ያለው ቈሎ ነው፤ ገብስ፥ ስንዴ፥ ሽምብራና ሱፍ እየተቈሉ ይደባለቃሉ። ዳቦ ቈሎ ሊጡ በጥቃቅኑ ተቈራርጦ የሚቈላ ሲሆን ለልጅም ለሽማግሌም ይቀልላል። ድርቆሽ በፀሐይ የደረቀ እንጀራ ነው፤ ሲፈለግ በሙቅ ውሃ ወይም በወጥ ይርሳል። ቋንጣ በቀጭኑ ተዘልዝሎ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ የደረቀ ሥጋ ነው። ሽሮና በርበሬ በትንሽ በትንሽ ከረጢት ይያዛሉ። ለዕቃው የፍየል ቆዳ ስልቻ፥ ለብዙው እህል አቁማዳ፥ ለውሃ ቅል፥ ለአጭር መንገድ ደግሞ እንጀራና ወጥ የሚይዝ አገልግል ያገለግል ነበር።

የእነዚህ ምግቦች ጥንታዊነት በጽሑፍም ይመሰከራል። ከ1520 እስከ 1526 በኤውሮጳ አቈጣጠር በኢትዮጵያ የኖረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ መጽሐፉ በ1540 በሊዝቦን የታተመው፥ የዘመኑ ወታደሮች ለጦርነት የተቈላ የገብስ ዱቄትና የተቈላ ሽምብራ እንደሚይዙ ጽፏል። ይህ ማለት የዛሬው በሶና ቈሎ ከአምስት መቶ ዓመት በፊትም ያው የወታደር ስንቅ ነበሩ ማለት ነው።

3. ምርጫው የሚመዘንባቸው ነገሮች

የመጀመሪያው ሚዛን ክብደት ነው። እርጥብ እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ስለሆነ፥ እንጀራ የሚሸከም ሰው አብዛኛውን የሚሸከመው ውሃ ነው። የዛሬው የምግብ ሳይንስ ይህን በቍጥር ያሳያል። 1 ኪሎ ደረቅ የገብስ ዱቄት 3,500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፥ 1 ኪሎ ንጥር ቅቤ ደግሞ ወደ 9,000 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ኀይል ይሰጣል። ሁለት እጅ በሶ በአንድ እጅ ቅቤ የታሸ እንደሆነ፥ 1 ኪሎው ጭኮ 5,300 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይኖረዋል። ሸክም ይዞ የሚጓዝ ሰው በቀን 3,200 ቢያስፈልገው 600 ግራም ጭኮ ይበቃዋል ማለት ነው፤ የዐሥር ቀን ስንቁም 6 ኪሎ ብቻ ነው። ያንኑ ኀይል ከእርጥብ እንጀራ ብቻ ለማግኘት የሚያስፈልገው ሸክም 20 ኪሎ ገደማ ይደርሳል፤ እሱም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይሻግታል። የአርሲ እናቶች ይህን ስሌት በወረቀት ባይጽፉትም በእጃቸው ያውቁት ነበር።

ሁለተኛው ሚዛን ጊዜና እሳት ነው። መቍላት እህሉን አስቀድሞ ያበስለዋል፤ እርጥበቱን አውጥቶ ነቀዝንና ሻጋታን ይከለክላል። ቅቤም ሲነጠር ውሃውና አጓቱ ስለሚወጣለት ቶሎ አይበላሽም፤ ኮረሪማና ኮሰረትም መዓዛውን ይጠብቁለታል። በዚህ አኳኋን የተሰናዳ ስንቅ ማገዶ አይፈልግም። በጫካና በሜዳ ለሚያድር ነጋዴ፥ በተለይም ሽፍታ ባለበት አገር፥ ጭስ ሳያስነሡ መብላት ትልቅ ነገር ነበር።

በዚህ ረገድ የሌሎች አገሮች ልማድ ያው ነው። የቲቤት ሕዝብ የተቈላ የገብስ ዱቄት፥ ጻምፓ የሚሉትን፥ ቅቤ ከገባበት ሻይ ጋር ያሸዋል። የካናሪ ደሴቶች ጥንታዊ ነዋሪዎች ጎፍዮ የሚባል የተቈላ ዱቄት ነበራቸው። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የተወቀጠ ደረቅ ሥጋ በስብ ለውሰው ፔሚካን የሚባለውን ስንቅ ያዘጋጁ ነበር። አንዱ ከሌላው ተማረ ለማለት ምክንያት የለም፤ የመንገዱ ችግር አንድ በሆነበት ስፍራ መፍትሔውም ተቀራራቢ ሆኗል። በተለይ ቲቤትና አርሲ ሁለቱም የብርድ፥ የገብስና የቅቤ አገሮች ናቸው።

ሦስተኛው ሚዛን ሃይማኖት ነው። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ረቡዕና ዓርብ፥ እንዲሁም በዐቢይ ጾም በ55ቱ ቀን ቅቤ አይቀምስም፤ ስለዚህ ጭኮ የፍስክ ስንቅ ሲሆን በሶ ለጾምም ለፍስክም ይሆናል። ከዚህም በላይ ክርስቲያኑ እስላም ያረደውን፥ እስላሙም ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ አይበላም፤ ስለዚህ ቋንጣ የያዙ ሁለት መንገደኞች በአንድ እሳት ዳር ቢቀመጡም በአንድ ገበታ ላይ አይገናኙም። ከደጋ የወረደ ክርስቲያን፥ ከሐረርና ከአርሲ የመጣ እስላም፥ የዋቄፈና ተከታይ የሆነ ከብት አርቢ በሚቀላቀሉበት በስምጥ ሸለቆ መንገድ ላይ ሁሉም ሳይጠራጠር እጁን የሚሰድበት ምግብ የተቈላው እህል ነበር። ቈሎ በመንገደኛ መካከል የመተዋወቂያ ምግብ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

4. የአዋሽ መንገድና የውሃ ነገር

ከላይ የተነገሩት ሦስቱ ሚዛኖች በደጋም በቈላም ይሠራሉ። ከአዳማ በታች ግን ከሁሉም የሚበልጥ አራተኛ ሚዛን ይመጣል፤ እርሱም ውሃ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስትሆን፥ ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው መተሐራ 950 ሜትር ገደማ ናት። መንገደኛው በጥቂት ቀን ጉዞ ከነፋሻ አገር ወጥቶ የፈንታሌ ተራራ ቋጥኝና የግራር ሜዳ ወዳለበት ሐሩር ይገባል። የአዳማ ስም ራሱ ከቁልቋል የኦሮምኛ ስም ጋር የሚያያዝ መሆኑ ይነገራል። ከፈንታሌ ግርጌ ያለው የበሰቃ ሐይቅም ጨዋማ ነው።

በዚህ አገር በደጋ የተመረጠው ስንቅ ሁሉ እንደገና ይመዘናል። በሶ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ያለ ውሃ አይዋጥም። ድርቆሽም እንዲሁ ነው። ቋንጣ ኀይል አለው፤ ጨውና በርበሬው ግን ጥምን ያብሳል። ስለዚህ የክብደቱ ስሌት ውሃውንም መጨመር አለበት፤ ደረቅ ስንቅ ይዞ በቅል ውሃ የሚሸከም ሰው የቀነሰውን ሸክም በሌላ መንገድ መልሶ ተሸከመ ማለት ነው። ቅቤ የጠጣው ጭኮ ግን ውሃ ሳይጨመርበት ስለሚበላ፥ ለደረቅ መንገድ የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

የቈላው ሕዝብ ለዚሁ ችግር ያገኘው መልስ ሌላ ነው። የከረዩ ኦሮሞ ግመልና ከብት እየነዱ ሲንቀሳቀሱ ስንቃቸው ከእነርሱ ጋር በእግሩ ይሄዳል። ወተት ምግብም ውሃም ነው። የወተቱ ዕቃ በወይራና በመሳሰለው እንጨት ጭስ መታጠኑ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። ለፈጣን ጉዞና ለዘመቻ ደግሞ ኦሮሞዎች ሌላ ስንቅ ነበራቸው። ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ የቈየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የኦሮሞ ፈረሰኞች በረሃ ሲያቋርጡ የተቈላና የተወቀጠ ቡና በቅቤ ለውሰው፥ በእጅ የሚያዝ ድቡልቡል አድርገው በቆዳ ከረጢት እንደሚይዙ ይናገራል፤ አንዷ ድቡልቡል ለአንድ ቀን ሙሉ ከዳቦና ከሥጋ ይልቅ እንደምታበረታም ጨምሮ ጽፏል። ቡናን ከነገለፈቱ በቅቤ ጠብሶ መብላት፥ «ቡና ቀላ» የሚባለው፥ በቦረናና በጉጂ ዘንድ የክብርና የምርቃት ሥርዐት ሆኖ ይገኛል። የስንቁ ምግብና የጸሎቱ ምግብ አንድ መሆናቸው፥ መንገድና በረከት በዚያ ሕዝብ አሳብ ምን ያህል የተቀራረቡ እንደሆኑ ያመለክታል።

5. ስንቅና ባላገር

ነጋዴ ስንቁን አሳንሶ ቢሰፍር የሚጐዳው ራሱ ነው። ሠራዊት ስንቁን አሳንሶ ቢሰፍር ግን የሚጐዳው በመንገዱ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ነው። ወታደሩ ከቤቱ የያዘው በሶና ቈሎ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሠራዊቱ የሚኖረው በደረሰበት አገር እህልና ከብት ነበር። አልቫሬዝም ወታደሮቹ ከብቱን በሄዱበት ሁሉ እንደሚያገኙት መጻፉ ይህንኑ ያሳያል፤ «ማግኘት» የሚለው ቃል ለባለ ከብቱ ሌላ ስም አለው።

የስምጥ ሸለቆና የአርሲ ሕዝብ ይህን በብርቱ ቀምሷል። በኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1882 እስከ 1886 በአርሲ ላይ የተካሄዱት ዘመቻዎች፥ እንዲሁም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የተፈጸመው የሐረር ዘመቻ ብዙ ሠራዊት በእነዚህ አገሮች አሳልፈዋል። ጩኮን የሚሠራው ሕዝብ ገብሱንና ቅቤውን ለሌላው ስንቅ ገበረ።

ከዚያ በኋላ ክፉ ቀን የሚባለው ረኀብ መጣ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የከብት በሽታ በሬውን ፈጀ፤ ድርቅና አንበጣም ተከተሉት። ከብት አርቢው ወተቱን፥ ገበሬው እርሻውን ባንድ ጊዜ አጣ። ጎተራው ባዶ በሆነበት አገር ወታደርን በባላገር ቤት መቀለብ የማይቻል ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1892 ገበሬው ከምርቱ ከዐሥር አንድ እጅ፥ ማለት አሥራት፥ ለሠራዊቱ ቀለብ እንዲያገባ፥ ወታደሩም በባላገሩ ቤት እየገባ እንዳይበላ የደነገጉት በዚህ ምክንያት ነው። የአሥራት ድንጋጌ በግብር ታሪክ ውስጥ ሲነገር ይኖራል፤ ነገር ግን በመሠረቱ የስንቅ ሕግ ነበር። ወታደሩን ከባላገሩ ጓዳ አውጥቶ ወደ መንግሥት ጎተራ ማዞር ነበር ዐላማው። በየስፍራው ሁሉ ተፈጽሟል ማለት አይቻልም፤ ሆኖም ችግሩ የታወቀ መሆኑን ይመሰክራል።

የዐድዋ ዘመቻ የዚህ ሁሉ ፈተና ሆነ። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ታወጀ፤ በጥቅምት ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ ጦርነቱ የሆነው የካቲት 23 ቀን ነው። ወደ 100,000 የሚገመተው ሠራዊት ከሸዋ፥ ከኦሮሞ አገሮችና ከሌላውም ክፍል ተሰብስቦ አምስት ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በመንገድና በሰፈር ቈየ። በመቀሌ ምሽግ የነበረው የኢጣልያ ጦር የተሸነፈው በመድፍ ብዛት ሳይሆን፥ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃ ምንጩ ስለ ተያዘበት ነው። በየካቲትም ሁለቱም ወገኖች ስንቃቸው ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር፤ ጄኔራል ባራቲየሪ ይህን ያውቅ ነበር፤ የገዛ ሠራዊቱም ምግብ የቀረው ለጥቂት ቀን ብቻ ነበር። የዐድዋ ቀን በየካቲት መጨረሻ መዋሉ የአዛዦች ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የስልቻው መጉደልም ውጤት ነው።

ይህን ስንቅ ያዘጋጁትና በብዙው የተሸከሙት ሴቶች ናቸው። ከቤት ሳይወጣ የሸከሸኩት፥ የቈሉትና የፈጩት እነርሱ ናቸው፤ በዘመቻም ወፍጮና እንስራ ይዘው ተከትለው በየሰፈሩ ፈጭተው የጋገሩት፥ ውሃ የቀዱት እነርሱ ናቸው። የዘመቻ ታሪክ የአዛዦችን ስም ሲቈጥር የእነዚህን ሥራ በአንድ ቃል፥ «ስንቅ» በሚለው፥ ሸፍኖ ያልፋል።

ስንቅ ሳይዙ የሚጓዙም ነበሩ። በባሌ ወደሚገኘው ወደ ሼክ ሁሴን የሚሄዱት ገሪባዎች፥ ጫፉ ባላ የሆነውን በትራቸውን ይዘው ከአርሲና ከስምጥ ሸለቆ ብዙ ሳምንት በእግር ሲጓዙ የሚበሉት በየቤቱ የሚሰጣቸውን ነው። ሁለቱም ከባላገሩ ጎተራ ይበላሉ፤ ነገር ግን አንዱ በምርቃት፥ ሌላው በጠመንጃ። ሕዝቡ ለገሪባው ወተት ሲያቀርብ ከወታደሩ ከብቱን ይደብቅ የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው።

6. ከባቡር በኋላ

የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። የቀድሞው የሲራራ መንገድ በሳምንት የሚጨርሰውን ባቡሩ በቀን ጨረሰው። በመጀመሪያ ዘመን ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር፤ ስለዚህ በጣቢያዎቹ ምግብ የሚሸጥበት ቤት ተከፈተ። በአዳማ፥ በሞጆና በመተሐራ ሴቶች ዳቦ፥ ቈሎ፥ ወተትና ፍራፍሬ ይዘው ወደ ሐዲዱ ወጡ። በዚህ ጊዜ ስንቅ ከቤት የሚያዝ መሆኑ ቀርቶ በመንገድ የሚገዛ ሆነ። ያው የሴቶች ሥራ ነው፤ ልዩነቱ አሁን ዋጋ ተከፈለበት።

በኋላም በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ጣፋጩ ሻይ የመንገደኛ ብርታት ሆነ። በ1960ዎቹ የመተሐራ ሸንኮራ እርሻና የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋሙ ግን የከረዩ ግጦሽና የውሃ መውረጃቸው ጠበበ፤ ለመንገደኛ ወተት ይሰጥ የነበረው ሕዝብ ራሱ ለችግር ተጋለጠ። ናዝሬት ስትባል ቈይታ በ2000 ወደ ቀድሞ ስሟ የተመለሰችው አዳማ በ2014 ከአዲስ አበባ ጋር በፈጣን መንገድ ተገናኘች፤ ጉዞው ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። ለእንዲህ ያለ መንገድ ስንቅ የሚቋጥር የለም።

ቢሆንም የጥንቱ ስንቅ አልጠፋም። ጩኮ በአርሲ ሰርግና በዓል ይቀርባል፤ የረጅም ርቀት ሯጮች በሶ ይጠጣሉ፤ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ልጅ ሻንጣ ውስጥ እናቱ በሶ፥ ሽሮ፥ በርበሬና ድርቆሽ ትጨምራለች። ሚዛኑ ያው ነው፤ የማይከብድ፥ የማይበላሽ፥ ብዙ ድካም ሳይጠይቅ የሚበላ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍሬ ነገር እንዲህ ሊጠቃለል ይችላል። የስንቅ ምርጫ በደጋ በክብደት፥ በቈላ በውሃ፥ በተቀላቀለ ጉባኤ በሃይማኖት ተመዝኗል፤ በሶና ጭኮም ከእነዚህ ሚዛኖች አልፈው የኖሩ የብዙ ዘመን ዕውቀት ውጤቶች ናቸው። ከሁሉ በላይ ግን ስንቅ መንገደኛው በሌላው ላይ ሸክም እንዳይሆን የሚያደርግ ነገር ነበር። የተቈላው ገብስ በስልቻ ውስጥ እስካለ ድረስ ወታደሩ መንገደኛ ነው፤ ስልቻው ሲጐድል ግን ባላገሩ ከብቱን ወደ ዱር ይነዳል። የዘመቻዎችን ታሪክ የሚመረምር ተማሪ ከጦር ሜዳው አስቀድሞ ይህን ስልቻ መክፈት ይገባዋል።